የተቆረጡት ሦስት ደቂቃዎች

ሰኔ 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ዲኑ ዶክተር ያቤጽ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። ሐምሌ 21 ቀን ከአዲስ አበባ የትምህርት ጥራት ፈታሾች ይመጣሉ። ኮሌጃችን የእንስሳት ሕክምና አስተምራለሁ ብሎ ፈቃድ ያወጣ ነው፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ግን እንስሳ ከገባበት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዲኑ እንዲህ አላለውም። «የተግባር ትምህርቱን በምስል እንደግፋለን» ነው ያለው። የሚደግፈው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ።

መቶ ሃያ የቀዶ ሕክምና ቪዲዮ። በሰባት ሳምንት ውስጥ።

«እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም። የቱ ደህና የቱ የማይረባ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አልኩት።

«ዶክተር ሸዋንግዛው እያየ ይፈርምልዎታል። እርስዎ ይፈልጉ ብቻ።»

ዶክተር ሸዋንግዛው ያለን ብቸኛ የቀዶ ሕክምና መምህር ነው። ለሦስት ክፍል ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ቦታ ይሠራል። ደረጃው ላይ አግኝቼ ስነግረው ሳቀ። ደስ ብሎት የሳቀ አልመሰለኝም።

ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማታ ለደምሴ ስነግረው ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ለጡረታሽ ሦስት ዓመት ነው የቀረሽ፤ ያሉሽን ሥሪ» አለኝ። ባሌ የሚለው ሁልጊዜ ትክክል ነው። ለዚህ ነው የሚያናድደኝ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

መብራት የለም። መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ የለም። ቀኑን ሙሉ ሦስት አገኘሁ። ሁለቱ ስለ ውሻ ጥርስ ናቸው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ምን እንደምፈልግ ማወቅ ጀምሬያለሁ። ብዙው የውሻና የድመት ነው። የእኛ ልጆች ተመርቀው የሚሄዱት ግን ላም፣ አህያና ፍየል ወዳለበት ነው። የላም አገኘሁ ስል ላሚቱ በብረት መያዣ ውስጥ ቆማለች፣ የሞቀ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፣ አራት ሰው ያግዛል። ደህና ነው ያልኩት በክፍያ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው ባለቤቱ ካልፈቀደ አይቀዳም። ለአሥራ አራት ሰዎች ፈቃድ ጠይቄ ጻፍኩ፤ ሁለቱ መለሱልኝ።

የማየው ድምፁን ዘግቼ ነው። የንባብ ክፍሉ ውስጥ ተማሪ አለ፣ የጆሮ ማዳመጫዬም ከተበላሸ ሰነበተ። እውነቱን ለመናገር ግን የእንስሳቱን ድምፅ አልችለውም።

ሌላው ጣጣ የፋይሉ ትልቅነት ነው። ተማሪዎቹ የሚያዩት በስልካቸው ስለሆነ ረጅሙን አይሸከምላቸውም። ስለዚህ መቁረጥ ተማርኩ። ሐኪሞቹ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ሲያወሩ፣ ዝም ብለው ሲቆሙ ያለውን አወጣና ዋናውን አስቀራለሁ። ሃምሳ ደቂቃ የነበረው ሃያ አምስት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ደስ የሚለኝ ይህ ብቻ ነው። ቤት እንደመጥረግ ነው።

ሠላሳ አንድ ደርሻለሁ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ሐዳሳ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አለች፤ የዲላ ልጅ ናት። ከቀኑ በፊት መጽሐፍ የምትመልስ እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ቆመች።

«እትዬ ሙሉ፣ ላም ምጥ ጠንቶባት አልወልድ ስትል የሚሠራው ኦፕራሲዮን አለዎት? ለልምምድ ቱላ ክሊኒክ ነው የተመደብኩት።»

«ክፍል ውስጥ አልተማራችሁትም?»

«በሥዕል ተምረናል። በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሰው ላሙን ይዞ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?»

«አለቃ ይኖርሻል እኮ።»

«ይኖራል ይላሉ» አለች። ጣቶቿ ረዣዥም ናቸው፣ ጥፍሯ እስከ ሥሩ ተቆርጧል። እፈልግልሻለሁ አልኳት።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

አገኘሁላት! ሽማግሌ ሐኪም ነው። ብረት የለ፣ ቧንቧ የለ፤ ላሚቱ ግንድ ላይ ታስራ አንድ ገበሬ ጭራዋን ይዟል። ቱላ ነው ቢሉኝ አምን ነበር። ባለቤቱም ፈቅዷል።

አርባ አንድ ደቂቃ ስለሆነ መቀነስ ነበረብኝ። መጀመሪያ ላይ ያለውን ረጅም ዝግጅትና እጥበት አወጣሁ። ጥጃው ከወጣ በኋላም ሰውዬው ክንዱን እስከ ትከሻው ከትቶ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ያወራል። ምንም የሚሠራው ነገር የለም። እሱንም አወጣሁ። ሃያ አራት ደቂቃ ሆነ።

ዶክተር ሸዋንግዛውን መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ደረስኩበት። የመገምገሚያ ቅጹን አሳየሁት። ቅጹ ላይ «ይዘቱን ተመልክቼ የተሟላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» የሚል ታትሟል። «ሙሉመቤት፣ መቼ ልይልሽ? አንቺን አምንሻለሁ» ብሎ መሪው ላይ ደገፍ አድርጎ አርባ ባዶ ቅጽ ፈረመልኝ። ርዕሱን እኔ እሞላለሁ።

ሌሎቹም ቢሆኑ እንዲሁ ነው የተፈረሙት። ሥራው እንዲያልቅ ነው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ሐዳሳ ቱላ ሄደች። ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ገልብጫላታለሁ። ዘጠና አንድ ቪዲዮ ደርሻለሁ። ዝናቡ አላቆመም። ባጃጅ አጥቼ ቤቴ እስካለበት እስከ ታቦር በእግሬ ወጣሁ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሐዳሳ ደወለች! ትናንት አንዲት ላም ከማለዳ ጀምራ ስታምጥ ውላ አመጡባት። የክሊኒኩ ኃላፊ ስብሰባ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ብቻዋን ሠራችው። ስልኳን ለሰው አስይዛ፣ ቪዲዮውን እያየች። ጥጃዋ በሕይወት ወጣች።

«እትዬ ሙሉ፣ ቆማ ጠባች! እርስዎ ባይኖሩ እኮ ሁለቱም ይሞቱ ነበር» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ መጻሕፍቱ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ነፍስ ሲያድን የመጀመሪያው ነው። ለደምሴ ነገርኩት። «ጎበዝ» አለ። ከደምሴ ይህ ብዙ ነው።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ላሟ ሞተች። ቅዳሜ ነው የሞተችው። የነገረኝ ዶክተር ሸዋንግዛው ነው።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሆዷን ከፍቶ አየ። ማህፀኗ ውስጥ ሁለተኛ ጥጃ ተገኘ። መንታ ነበረች። ሐዳሳ አንዱን አውጥታ ሌላውን ውስጥ ትታ ሰፍታለች።

«ሰው እንዴት እጁን መልሶ ሳይዳብስ ይሰፋል? ይሄ እኮ ለማንም ይነገራል!» አለ።

እርስዎስ ነግረዋታል ወይ ልለው ነበር።

ቪዲዮውን ደግሜ ከፈትኩት። ይቀደዳል፣ ይወጣል፣ ይሰፋል። ሁሉም አለበት። ጥሩ ቪዲዮ ነው። ቅጹም ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ተፈርሟል። ከእኔ የሚጎድል ነገር የለም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

መሃል ከተማ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። የጆሮ ማዳመጫ ተከራየሁ። ዋናውን ቪዲዮ፣ አርባ አንድ ደቂቃውን።

ሰውዬው ክንዱን እስከ ትከሻው ከትቶ እንዲህ ይላል። «እዚህ ላይ የቸኮለ ይሰፋል። አትስፉ። እጃችሁን መልሳችሁ ሁለቱንም ጎን ዳብሱ። ሌላ ጥጃ ሊኖር ይችላል። ጠንካራ ነገር ከነካችሁ አትለፉት።» ሦስት ጊዜ ነው የሚደጋግመው። ሰማይ ሰማይ የሚያየው በእጁ ስለሚያይ ነው።

ምንም የሚሠራው የለም ብዬ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ገጹን ልቀድደው ነበር።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔን የጠሩኝ የውሰት መዝገቡን እንዳመጣ ነው። ሐዳሳ በሩ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች።

«ቪዲዮውን ስንት ጊዜ አየሽው?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ አይተሽ ይህን አጠፋሽ?» ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ።

ዶክተር ሸዋንግዛው እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። መዝገቡ ክንዴ ላይ ነበር፤ ለማስቀመጥ ጠረጴዛ ፈለግኩ፣ ቦታ አልነበረም፣ ይዤው ቆምኩ። ሐዳሳ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እንደሚያዝንላት ሰው አየኋት። እንዴት እንደዚያ ላያት ቻልኩ?

ዓመቱን ትደግማለች፤ ዘንድሮ አትመረቅም።

ደምሴ ሁሉንም ሰምቶ «ላሟ ሞታለች ሙሉ። አንቺ ብትናገሪ አትነሳም» አለኝ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ፈታሾቹ መጡ። መቶ ሃያ። አንደኛዋ ዝርዝሩን እያየች «ለአንድ የግል ኮሌጅ ይህ የሚያስቀና ነው» አለች። አንድም አልከፈተችም። ዲኑ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ታምሜያለሁ ብዬ ከሥራ ቀርቼ ቱላ ሄድኩ። የላሟ ባለቤት ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ፤ ከእኔ ትንሽ ይበልጣሉ። ጎረቤቶቻቸው አጥሩ ላይ ሆነው በሲዳምኛ እየተጠራሩ ስለ እኔ ያወሩ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ልከትብ የመጣሁ መስሏቸው ጥጃዋን ይዘውልኝ ወጡ።

ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለ። በጠርሙስ ነው የሚያጠቧት።

«እናቷ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራለች። ልጆቼን ያሳደገችው እሷ ናት» አሉኝ። ከዚያ «ያቺ ልጅ ደህና ናት? አልቅሳ ልትሞት ነበር እኮ። እኔው ነኝ ያባበልኳት» አሉ።

«ደህና ናት» አልኩ።

«እርስዎ ማን ልበል?»

«ከኮሌጁ ነኝ» አልኩና ጥጃዋን ዳብሼ መጣሁ። ባጃጁ ውስጥ እጄን አሸተትኩት። ወተት ወተት ይላል።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ፍልሰታ ነው። ጠዋት ቅዳሴ ደረስኩ፤ የንስሐ አባቴን ከሩቅ አይቼ በሌላ በር ወጣሁ።

ሐዳሳ ስልክ አታነሳም። መታወቂያ ፎርሟ ላይ ያለውን የቤተሰብ ቁጥር ደወልኩ። እናቷ አነሱ። ከኮሌጁ ነኝ ስላቸው ደስታቸው መከራ ሆነብኝ።

«ለምርቃቱ ቀሚስ እያሰፋሁላት ነው! ከስታለች እንዴ? ልኬቷን ብጠይቃት አትመልስልኝም።»

ምንም አልነገረቻቸውም።

«ትንሽ ከስታለች» አልኩ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምርቃት ነበር። የኮሌጁ በር ላይ ጃንጥላ፣ አበባ፣ ፎቶ አንሺ። አንዲት ሴት በፌስታል የታጠፈ ነጭ ልብስ ይዘው ጥበቃውን ያስጨንቃሉ። «ሐዳሳ ነው ስሟ፤ ሐኪም ናት፤ እንዴት ከዝርዝሩ ትጠፋለች?» ይላሉ። ድምፃቸውን አወቅሁት።

ክንዳቸውን ይዤ ቤተ መጻሕፍት አስገባኋቸው፣ አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው። ሐዳሳ አትምጪ ብላቸው ነበር፤ ላስደንቃት ብለው ነው የመጡት። ከዲላ ሲነሱ ገና አልነጋም።

«ዛሬ አልተመረቀችም» አልኩ። «ያከመቻት ላም ሞተችባት።»

የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ልጄ ናት ያጠፋችው?»

ደምሴን አሰብኩ። ጡረታዬን አሰብኩ። ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ።

«አይደለችም። እኔ ነኝ።»

አዩኝ። «እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም። መጽሐፍ ነው የምጠብቀው።»

አልገባቸውም። ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ሦስቱ ደቂቃዎች። እየነገርኳቸው ፌስታሉን እያጠፉ ይፈታሉ፣ እየፈቱ ያጥፋሉ። በመጨረሻ «ታዲያ ይህንን ለማን ነው የነገሩት?» አሉኝ።

ከባሌ በቀር ለማንም።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ደብዳቤውን በአራት ገጽ ጻፍኩ። ቪዲዮውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ድምፁን አልሰማሁም። ቅጾቹ የተፈረሙት ባዶ ሆነው ነው። ተማሪዋ ያየችውን ሠርታለች። ለዲኑና ለኮሚቴው አባላት በየስማቸው ሰጠሁ፤ ተቀባዮቹን አስፈረምኩ።

ደምሴ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ዲኑ ብቻዬን ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋው።

«እርስዎ ሴትዮ፣ ፈቃዱ ገና ባለፈው ሳምንት ነው የታደሰልን። ይህ ወረቀት ቢወጣ ስንት ልጅ መንገድ ላይ እንደሚቀር ያውቃሉ?»

«አንዷ ቀርታለች።»

«ደብዳቤውን ይውሰዱት፤ እንዳልደረሰኝ እቆጥረዋለሁ።»

አልወሰድኩትም። ከሰዓት ውሳኔው በጽሑፍ መጣ። ዶክተር ሸዋንግዛው ባዶ ቅጽ ፈርሜ አላውቅም ብሏል። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሬያለሁ፤ ቁልፍ እንዳስረክብ ታዟል። በሐዳሳ ላይ የተሰጠውን ውሳኔ የሚያሽር አዲስ ምክንያት አልተገኘም። ቪዲዮዎቹ በአገልግሎት ላይ ይቆያሉ።

ዶክተር ሸዋንግዛው ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሳያየኝ «አራት ልጆች አሉኝ ሙሉመቤት» አለ። እውነቱን ነው፣ አሉት።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ንብረት ክፍል። ወንበር እየቆጠርኩ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ለውጠውታል።

መስከረም 9 ቀን 2018፣ ዓርብ

ሐዳሳ ራሷ ደወለች። እናቷ ነግረዋታል። መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ተገናኘን። ሻንጣዋን ይዛለች። ዓመቱን አትደግምም፤ ዲላ አክስቷ ልብስ ቤት ልትሠራ ነው። በጣም ከስታለች።

ልናገር የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር። «መጀመሪያ ያሳዩኝ» አለች።

ስልኬ ላይ ዋናውን ከፈትኩላት፣ የቆረጥኩትን ቦታ። ሦስቱንም ደቂቃ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ሰውዬው ለሦስተኛ ጊዜ «አትለፉት» ሲል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ነክቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ጥጃውን። ጠንከር ያለ ነገር እጄን ነካኝ። ጨጓራዋ ይሁን ሌላ አላወቅሁም፣ ተጠራጠርኩ። ቪዲዮውን መልሱልኝ አልኳቸው፤ መለሱልኝ። ሰውዬው መስፋት ጀምሯል። ስለዚህ ምንም አይደለም ብዬ እኔም ጀመርኩ።»

እኔ የማላውቅ ሴት፣ የምታውቀውን ልጅ እጅ ከውስጥ አስወጣሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። የዲላ መኪና ረዳት መጣራት ጀመረ። ሻንጣዋን ላግዛት ስል ራሷ አነሳችው። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

«እትዬ ሙሉ፣ ሌሎቹስ? ሌላም የቆረጡት አለ?»

«አለ።»

«የትኞቹ ናቸው?»

መኪናው ጡሩምባ ነፋ። መልሴን ሳትጠብቅ ሄዳ ገባች።

ቤት ገብቼ ከምሳ ጀምሮ ይኸው ተቀምጫለሁ። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። አዲሶቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፣ በእኔ ቦታ የተቀመጠችውም ትገለብጥላቸዋለች። ሰኞ በሩ ላይ ቆሜ ልነግራቸው ነው፤ ግን የትኛውን አትዩ እላቸዋለሁ? ከሠላሳ በላይ ቆርጫለሁ። ወረቀት ላይ ለመዘርዘር ሞከርኩ። የአህያ እግር አንድ። የፍየል ጡት አንድ። የበሬ ዓይን፣ የላም እምብርት። ከዚህ በኋላ ያለው አልመጣልኝም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ደም፣ አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት ድምፅ የሌለው አፍ ሆኖብኛል።

አራት ነው ያስታወስኩት።